ወንበር ለሰው ወይስ ሰው ለወንበር?



በዚህ የአንባብያን ዓምድ ስለ መንገድ፥ ስለ ኑሮና ስለ ልጆች አስተዳደግ ብዙ ቁም ነገር ተጽፎ አንብቤአለሁ። እኔ ዛሬ የማቀርበው ግን ስለ አንድ የመኪና ወንበር ነው። «ይህ ደግሞ ምን ወግ ይሆናል?» የሚል አንባቢ እንደማይጠፋ አውቃለሁ። ቢሆንም እስከ መጨረሻው ቢከታተሉልኝ፥ በየቢሮው በወንበር ላይ ለምንውል ሰዎች የሚጠቅም ነገር ይገኝበት ይሆናል ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ።

በ2015 ዓ.ም. ክረምት ትምህርት ቤት ሲዘጋ፥ በእንግሊዝ አገር የሚኖረው ታናሽ ወንድሜ የመሳፈሪያ ገንዘብ ልኮልኝ ስድስት ሳምንት ከእርሱ ዘንድ ተቀመጥኩ። ወንድሜ በአንድ ፋብሪካ የብየዳ ሠራተኛ ነው። በትርፍ ጊዜው ከቤቱ ጎን ባለች ጠባብ ጋራዥ ውስጥ ጣሪያ የሌላት የስፖርት አውቶሞቢል በገዛ እጁ መሥራት ከጀመረ ሁለት ዓመት ሆኖት ነበር። ከአዲስ አበባ ስነሳ እናታችን እጄን ይዛ፥ «መኪና እቤቱ ይሠራል አሉኝ። እኔ አይገባኝም፤ አንተ ግን የተማርክ ነህና አደራህን፥ ልጄን እይልኝ» ብላኝ ነበር። አደራ ደግሞ ከሻንጣ ይልቅ ይከብዳል።

በእንግሊዝ አገር መኪናን በቤት መሥራት እንግዳ ነገር አይደለም። ኮሊን ቻፕማን የተባለው መሐንዲስ ያቋቋመው የሎተስ ፋብሪካ፥ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1957 ዓ.ም. «ሎተስ ሰቨን» የተባለችውን ቀላል መኪና አወጣ። ገዢው ዕቃውን ሳይገጣጠም ወስዶ ራሱ ቢገጥመው ከግዢ ቀረጥ ይድን ስለ ነበር፥ ብዙ ወጣቶች እየገዙ በየቤታቸው ገጠሙት። በ1973 ዓ.ም. የመሥራቱን መብት ካተርሃም የተባለው ድርጅት ወሰደ። በኋላም በ1996 ዓ.ም. ሮን ቻምፒዮን የተባለ ሰው፥ በ250 ፓውንድ የስፖርት መኪና መሥራት ይቻላል የሚል መጽሐፍ ጽፎ ይህንኑ ቅርጽ ለድሃውም አዳረሰው። የወንድሜም መኪና የዚህ ወገን ናት። ሻንሲዋ 25 ሚሊ ሜትር በ25 ሚሊ ሜትር ከሆነ ቱቦላሬ የተበየደ፥ ወለሏ ስስ ላሜራ፥ ከሹፌሩ ጀርባ ደግሞ መኪናዋ ብትገለበጥ ራስን የሚያድን ቅስት ብረት ያላት ነበረች።

በደረስኩ ማግስት ወንድሜ ጋራዡን ከፍቶ፥ «ጋሼ፥ እስቲ ወንበሮቹን ይዩልኝ!» አለኝ። ከአንድ አሮጌ ትልቅ የቤት አውቶሞቢል የተፈቱ፥ ቡናማ ቆዳ የለበሱ፥ ሲቀመጡባቸው የሚያሰምጡ ሁለት ወንበሮች ነበሩ። የመቀመጫው ቦታ 47 ሴንቲ ሜትር ብቻ ስለ ሆነ፥ እነርሱን ለማስገባት ጎንና ጎናቸውን ቆርጦ እንደገና ለማሰፋት አራት ቅዳሜ ፈጅቶበታል። እውነት ለመናገር ያምሩ ነበር።

«በል እስቲ ግባና ተቀመጥ» አልኩት። ሲቀመጥ ግን ልቤ ደነገጠ። የወንበሩ መቀመጫ ከነሐዲዱ ከወለሉ 26 ሴንቲ ሜትር ከፍ ይላል። በዚህ የተነሣ የወንድሜ አናት ከቅስቱ ብረት በላይ 9 ሴንቲ ሜትር ወጥቶ ታየ። እንግዲህ መኪናዋ ብትገለበጥ መሬቱን አስቀድሞ የሚነካው ብረቱ ሳይሆን የእናቴ ልጅ ራስ ነው ማለት ነው። ዓይኑም በትክክል ከፊት መስተዋቱ የላይኛ ጠርዝ ጋር ተጋጥሞ፥ መንገዱን ለማየት ወይ ጎንበስ ወይ ቀና ማለት ነበረበት።

ሁለተኛው ነገር የደኅንነት ቀበቶው ነው። የትከሻው ቀበቶ ከኋላ የሚታሰርበት ብረት ከትከሻው 16 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ብሎ ነበር። ቀበቶ ከትከሻ ወደ ኋላ ሲሄድ ከትከሻው እኩል ወይም ጥቂት ከፍ ካለ ቦታ መታሰር አለበት። ከታች ሲታሰር ግን በግጭት ጊዜ ትከሻን ቁልቁል ጎትቶ የጀርባን አጥንት ይጨምቃል። የወገቡም ቀበቶ መጋደም ያለበት በዳሌ አጥንት ላይ እንጂ በሆድ ላይ አይደለም። በሚያሰምጥ ለስላሳ ወንበር ላይ የተቀመጠ ሰው ደግሞ ሲጋጭ ከቀበቶው በታች ወደ ፊት ሊሾልክ ይችላል። ቤት ውስጥ የምንመኘው ልስላሴ በዚህ ቦታ ጠላት ነው።

ሦስተኛውን ያየሁት ጎንበስ ብዬ ነው። ወንበሩ በአራት ቡሎን ታስሯል፤ ቡሎኖቹ ግን ያለፉት በስሱ ላሜራ ብቻ ሲሆን፥ ከሥራቸው ያለው ትንሽ ሮንዴላ ነበር። መደገፊያውን ይዤ ብወዘውዘው ወለሉ እንደ ከበሮ ቆዳ ተነሣ፥ ተቀመጠ።

ይህንን ሁሉ ስነግረው ወንድሜ ፊቱ ተለወጠ። «ጋሼ፥ ሁለት ዓመት ሙሉ ብቻዬን ስለፋ የረዳኝ የለም። ዛሬ መጥተው ስሕተት ይቆጥራሉ» አለኝ። ቃሉ ዘለቀኝ። እውነትም ነበረውና መልስ አልሰጠሁትም። ያን ቀን ምሳ ሳንበላ ተለያየን። ማታ ባለቤቱ ቡና እያፈላች፥ «እኔም ፈርቼ ነበር፤ ግን ሥራው ደስ ስለሚለው ልቡን እንዳልሰብረው ብዬ ዝም አልኩ» አለችኝ። ዝምታም አንዳንድ ጊዜ ፍቅር ይመስላል።

እኔ ፊዚክስ አስተማሪ ነኝ። በነጋታው ወረቀት ይዤ ገባሁና ከጎኑ ተቀመጥኩ። «አንተን ልንቅፍህ አይደለም፤ ይህን አብረን እናስላው» አልኩት። በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር የምትሄድ መኪና ከግድግዳ ጋር ተጋጭታ በግማሽ ሜትር ርቀት ውስጥ ብትቆም፥ በውስጧ ያለው ሁሉ ከክብደቱ ወደ 20 እጥፍ በሚሆን ኃይል ይገፋል። ወንድሜ 75 ኪሎ ይመዝናል፤ ስለዚህ ቀበቶው የሚይዘው 15 ኩንታል የሚያህል ጭነት ነው። ወንበሩም ብቻውን 20 ኪሎ ነበርና 4 ኩንታል ሆኖ አራቱን ቡሎኖች ይጎትታል። «ይህ ላሜራ 4 ኩንታል ይሸከማል ትላለህ?» ብዬ ጠየቅሁት። ወንድሜ ብረት የሚያውቅ ሰው ነው። ወረቀቱን ለረጅም ጊዜ ተመለከተና መፍቻውን አነሣ። ቆዳዎቹን ወንበሮች ሲፈታ አንድም ቃል አልተናገረም።

ከዚያ በኋላ ሥራውን ከመጨረሻው ሳይሆን ከመጀመሪያው ጀመርነው፤ ይኸውም ሰውየውን በመለካት ነው። ወለሉ ላይ ጣውላ አነጠፍንና አስቀመጥኩት። ፍሪሲዮኑን እስከ መጨረሻው ሲረግጥ ጉልበቱ ጥቂት እጥፍ እንዳለ ይቅር አልን። ጀርባውን ሳያነሣ እጁን ሲዘረጋ አንጓው በመሪው አናት ላይ እንዲያርፍ፥ ጭኑም ከመሪው ጋር እንዳይነካካ አደረግን። ራሱን ደግሞ ከነራስ ቁሩ ለካነው። ክፍት በሆነ መኪና ውስጥ የራስ ቁሩ አናት ከቅስቱ ብረት 5 ሴንቲ ሜትር ያህል ዝቅ ማለት አለበት የሚሉ የእሽቅድድም ማኅበራት አሉ። ይህ ሁሉ ከተጻፈ በኋላ ነው ወንበር ፍለጋ የወጣነው። የገዛነውም ጎንና ጎንን የሚይዝ፥ ሐዲድ የሌለው፥ ከፋይበር ግላስ የተሠራ ቀላል ወንበር ነው። ሐዲድ ሲቀር ወደ ፊትና ወደ ኋላ ማስኬድ አይቻልም፤ ከፍታው ግን በጣም ይቀንሳል።

ለማሰሪያው ወንድሜ በወለሉ ሥር ሁለት ቱቦላሬ አግድሞ ከሻንሲው ጋር በየደ። ቱቦላሬው በቡሎኑ ጥብቀት እንዳይጨፈለቅ፥ በተበሳው ቀዳዳ ውስጥ ወፍራም ቧንቧ አስገብቶ ዙሪያውን በየደው። ቡሎኖቹም ባለ 8 ሚሊ ሜትር፥ ጠንካራነታቸው 8.8 ተብሎ በራሳቸው ላይ የተጻፈባቸው ነበሩ። የቀበቶው ቡሎን ግን ከዚህ ይወፍራል፤ የተለመደው ልክ የኢንች 7/16 ነው። ቀበቶው ከሻንሲው ጋር ታሰረ እንጂ ከወንበሩ ጋር አልታሰረም።

ስፖንጁን የሠራነው በሁለት ፈሳሽ ነው። ሁለቱ ሲቀላቀሉ እንደ ሊጥ ኩፍ ብለው የሚደርቁ ናቸው። ፈሳሹን በወፍራም የፕላስቲክ ከረጢት ውስጥ አፍስሰን በወንበሩ ላይ አነጠፍንና ወንድሜ ተቀመጠበት፤ ጀርባውና ወገቡ እንደ ማኅተም ታተመበት። ጭሱ ለሳንባ ጎጂ ስለ ሆነ የጋራዡን በር ከፍተን፥ ጓንት አድርገን ነበር። ፈሳሹን ግን አብዝተን ኖሮ ስፖንጁ እያበጠ ወንድሜን ወደ ላይ ያነሣው ጀመር። «ጋሼ፥ ተሾምኩ መሰለኝ!» ሲል፥ ከተጣላን ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ አብረን ሳቅን። ትርፉን በዳቦ ቢላዋ ቆርጠን ጣልነው። በላዩም ውሃ የማይጠጣ ስስ ስፖንጅና ዝናብ የማያበላሸው የፕላስቲክ ቆዳ አለበስነው፤ ጣሪያ ለሌላት መኪና እውነተኛ ቆዳ ቶሎ ይሰነጠቃል። ከሥሩም ውሃ የሚወርድበት ቀዳዳ በሳንለት።

በመጨረሻ ስንለካ መቀመጫው ከወለሉ 8 ሴንቲ ሜትር ብቻ ሆነ። ወንድሜ 18 ሴንቲ ሜትር ዝቅ አለ ማለት ነው። የራስ ቁሩ ከቅስቱ ብረት በታች 5 ሴንቲ ሜትር፥ የትከሻው ቀበቶ ማሰሪያ ከትከሻው 2 ሴንቲ ሜትር ከፍ ብሎ ተገኘ። ወንበሩን ይዤ ብወዘውዘው መኪናዋ በሞላ ተንቀሳቀሰች እንጂ ወለሉ አልተነሣም።

በብሪታንያ እንዲህ ያለ መኪና ወደ መንገድ ከመውጣቱ በፊት በመንግሥት መርማሪ ይታያል። እኔ ወደ አገሬ ከተመለስኩ በኋላ ወንድሜ ደወለልኝ። መጀመሪያ በአንድ ስለት ባለው ጠርዝ ምክንያት መለሱት፤ እርሱን አስተካክሎ በሁለተኛው አለፈ። «ወንበሩንና ቀበቶውን ግን መርማሪው ጎተተው፥ አየውና ዝም አለ፤ ጋሼ፥ እግዜር ይስጥልኝ» አለኝ። ይህን ለእናታችን ብነግራት ጥቂት አሰበችና፥ «ታዲያ ይህን ሁሉ ስትሠሩ ጣሪያውን ረሳችሁት?» አለች።

ውድ አንባብያን፤ እኔ ከዚህ ሥራ የተማርኩት ይህን ነው። ወንድሜ አላዋቂ አልነበረም፤ በብየዳ ከእርሱ የሚበልጥ አላየሁም። ስሕተቱ ወንበሩን በውበቱ አስቀድሞ መርጦ፥ ሰውየውን ከወንበሩ ጋር ለማስማማት መድከሙ ነው። እኛስ በየመሥሪያ ቤታችን ወንበሩ ከፍ ስላለ ብቻ ደስ ብሎን፥ እግራችን መርገጫውን መድረሱን፥ ማሰሪያው ከመሠረቱ ጋር መያዙን ሳናይ የተቀመጥንበት ጊዜ የለምን? ይህን ለየራሳችን እተወዋለሁ።

በበኩሌ ከዚያ ወዲህ አንድ ልማድ አፍርቻለሁ። ታክሲ ስሳፈር ወንበሩ ከወለሉ ጋር በምን እንደ ተያዘ ጎንበስ ብዬ አያለሁ። የሥራ ባልደረቦቼ «ምን ጠፋብህ?» እያሉ ይስቁብኛል። ይሳቁ። የጠፋብኝ ነገር የለም፤ እንዳይጠፋ የምፈልገው ግን አለ።

አንድ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህር
ከአዲስ አበባ