የድሬ ዳዋ ከዚራ አሠራርና የደቻቱ አሸዋ

የድሬ ዳዋን ካርታ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚመለከት ሰው ወዲያው አንድ ነገር ያስተውላል። ከደቻቱ ወንዝ በስተ ምዕራብ ያለው ሠፈር መንገዱ እንደ ክር የተወጠረ፥ ማዕዘኑም የተስተካከለ ነው። ከወንዙ በስተ ምሥራቅ ያለው ሠፈር ግን መንገዱ ጠባብና ጠምዛዛ ነው፤ ቤቶቹም ጎን ለጎን ተጠጋግተው ቆመዋል። የመጀመሪያው ከዚራ፥ ሁለተኛው መጋላ ይባላል። የዚህ አጭር ጽሑፍ ዓላማ ይህ ልዩነት ከምን እንደ መጣ ለማስረዳት፥ በሁለቱ ሠፈሮች መካከል ያለው የአሸዋ ወንዝም በከተማይቱ አሠራር ውስጥ ምን ስፍራ እንዳለው ለመመርመር ነው።

1. ሜዳው ስለ ምን ተመረጠ

ዳግማዊ ምኒልክ የምድር ባቡር ሥራ ፈቃድ ለስዊሱ መሐንዲስ ለሙሴ አልፍሬድ ኢልግ የሰጡት በመጋቢት ወር 1886 ዓ.ም. ነው። ሙሴ ኢልግም ከፈረንሳዊው ነጋዴ ከሙሴ ሊዮን ሸፍኑ ጋር ሆነው ኩባንያውን አቋቋሙ። በፈቃዱ መሠረት መስመሩ በሦስት ክፍል የተመደበ ነበር፤ የመጀመሪያው ከጅቡቲ እስከ ሐረር፥ ሁለተኛው ከሐረር እስከ እንጦጦ፥ ሦስተኛው ከእንጦጦ በከፋ በኩል እስከ ነጭ ዓባይ። እንግዲህ በመጀመሪያው አሳብ ባቡሩ የሚደርስበት ታላቅ ከተማ ሐረር ነበረች እንጂ ድሬ ዳዋ አልነበረችም።

የሐዲዱ ሥራ በ1890 ዓ.ም. ከጅቡቲ ተጀመረ። መሐንዲሶቹ ግን ወደ ሐረር ተራራ በቀረቡ ጊዜ ትልቅ እንቅፋት ገጠማቸው። የተራራው ግርጌ ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ያህል ሲሆን፥ በደንገጎ በኩል ወደ ሐረር ለመውጣት ከ2,000 ሜትር በላይ የሆነውን ከፍታ በአጭር ርቀት ማለፍ ግድ ነው። ለሰውና ለበቅሎ ይህ ዳገት አድካሚ ነው እንጂ አያግድም። የባቡር መንኰራኵር ግን በለሰለሰ ብረት ላይ ስለሚሽከረከር ዳገት ሲጠነክር ይንሸራተታል። ስለዚህ ተራራውን እየዞሩ መውጣት ወይም ዓለቱን መብሳት ያስፈልጋል፤ ይህም ብዙ ገንዘብ ይጠይቃል። ኩባንያው ደግሞ ከመጀመሪያው ጀምሮ በገንዘብ ችግር የተያዘ ነበር። ስለዚህ ሐዲዱ ተራራውን ትቶ በግርጌው በኩል ወደ አዋሽ እንዲሄድ ተወሰነ።

ባቡሩ ከጅቡቲ 310 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ በታኅሣሥ 1895 ዓ.ም. በሜዳው ላይ ደረሰ። ለአዲሱ ከተማ የተሰጠው ስም «አዲስ ሐረር» ነበር፤ ሕዝቡ ግን የቀድሞውን የቦታ ስም አልተወም። «ድሬ» በኦሮምኛ ሜዳ ማለት ስለ ሆነ፥ ከተማይቱ ዛሬም የምትጠራው ባቡሩ ከመምጣቱ በፊት በነበረው መሬት ስም ነው።

2. የከዚራ ፕላን

ኩባንያው ገንዘቡ አልቆበት በከሰረ ጊዜ ሐዲዱ ከድሬ ዳዋ ወደ ፊት ሳይሄድ ለብዙ ዓመታት ቆመ። በ1900 ዓ.ም. አዲስ ውል ከተደረገ በኋላ ሥራው ቀጥሎ፥ ባቡሩ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ነው። የመስመሩ ጠቅላላ ርዝመትም 784 ኪሎ ሜትር ያህል ሆነ። ይህ መዘግየት ለመንግሥትና ለነጋዴ ጉዳት ቢሆንም ለድሬ ዳዋ ግን ጥቅም ነበረ። የሐዲዱ መጨረሻ እንደ መሆንዋ ከባቡር የወረደ ዕቃ ሁሉ በግመልና በበቅሎ የሚጫነው ከእርስዋ ነበርና፥ መጋዘኑም፥ የባቡሩ መጠገኛ ሥራ ቤቶችም፥ የሠራተኛውም መኖሪያ በዚያው ተሠሩ።

የከዚራ ፕላን ከዚህ ሥራ የተወለደ ነው። የፕላኑ መነሻ ቤተ ክርስቲያን ወይም ግቢ አይደለም፤ የባቡር ጣቢያው ነው። የሀገራችን የቀድሞ ከተሞች ብዙውን ጊዜ በኰረብታ ላይ ባለ ቤተ መንግሥት ወይም በአንድ ደብር ዙሪያ የሚሰፍሩ ነበሩ። በከዚራ ግን ሐዲዱ አስቀድሞ ተዘረጋ፤ ከሐዲዱ አጠገብ ጣቢያው፥ ከጣቢያው ፊት አደባባዩ፥ ከአደባባዩ ቀጥሎ ሰፋፊዎቹ መንገዶች ተከተሉ። ለገሃር የሚለው የሠፈር ስም ራሱ ጣቢያ ከሚለው የፈረንሳይኛ ቃል የመጣ ነው።

የቤቶቹም አሠራር የሚናገረው ነገር አለ። ግድግዳው ወፍራም ድንጋይ፥ ጣራው ከፍ ያለ፥ በረንዳው ሰፊ ነው። ይህ ለጌጥ ብቻ የተደረገ አይደለም። ወፍራም ግድግዳ የቀኑን ሙቀት ቀስ ብሎ ያስገባል፤ ከፍ ያለ ጣራ ሞቃቱን አየር ከሰው ራስ በላይ ያርቀዋል፤ በረንዳውም ፀሐይ ግድግዳውን እንዳትመታ ይከለክላል። በመንገዱ ዳርና ዳር የተተከሉትም ዛፎች የዚሁ አሳብ ክፍል ናቸው። በአበባው ቅላት የታወቀውና በሀገራችን «የድሬ ዳዋ ዛፍ» የሚባለው ዛፍ የትውልድ ሀገሩ ማዳጋስካር ነው። ሆኖም ጥላው ለሞቃት ከተማ የተስማማ በመሆኑ እንደ ሀገር ልጅ ተቈጥሮ የከተማይቱን ስም ይዞ ቀርቷል።

3. ፕላን ያልወጣለት ሠፈር

መጋላ የተሠራው በሌላ ሥርዓት ነው። በዚያ የሰፈሩት የሐረሪ፥ የኦሮሞ፥ የሶማሌ፥ የዐረብና የህንድ ነጋዴዎች፥ እንዲሁም የቀን ሠራተኞች ነበሩ። በዚህ ሠፈር መንገዱ የሚከተለው የመሐንዲስን መሥመር ሳይሆን የግመልንና የገበያተኛን እግር ነው። ቤቶቹ ተጠጋግተው መሠራታቸውም ያለ ዕውቀት የመጣ አይደለም፤ ጠባብ መንገድ ራሱ ጥላ ነውና ከዚራ በዛፍ ያገኘውን መጋላ በግድግዳ ያገኘዋል። በቅስት በሮቹ የሚታወቀው የቀፊራ ገበያም የሚገኘው በዚሁ ወገን ነው።

በስሙ ላይም ልናስብ ይገባል። መጋላ የሚለው ቃል በሶማሊኛም በኦሮምኛም ከተማ ማለት ነው። የኩባንያው ሰዎች ከተማ ብለው የሣሉት ከዚራን ሲሆን፥ የሀገሩ ሰው ግን ከተማ ብሎ የጠራው ከወንዙ ማዶ ያለውን ነው።

4. ወንዙ

ደቻቱ በዓመቱ አብዛኛው ክፍል ውሃ የሌለው የአሸዋ ሜዳ ነው። በበጋ ሰው እንደ መንገድና እንደ ገበያ ቦታ ይገለገልበታል። ለፕላን አውጪዎቹም ደቻቱ ሁለቱን ሠፈሮች የሚለይ ምቹ ወሰን ሆነላቸው። ነገር ግን አሸዋው ባዶ ቦታ አይደለም። ከተማይቱ የምትጠጣው የጉድጓድ ውሃ ከተራራው ወርዶ ወደ ምድር የሚሰርገው ውሃ ነው፤ በዝናም ጊዜም ያው ተራራ ጎርፉን በአጭር ርቀት ወደ ሜዳው ያወርደዋል። ዝናሙ የሚዘንበው በላይኛው ሀገር ስለ ሆነ፥ በድሬ ዳዋ አንዲት ጠብታ ሳትወርድ ወንዙ ሊሞላ ይችላል። የተራራው ደን ሲመነጠር ደግሞ አፈሩ ውሃውን ስለማይዝ ጎርፉ ይፈጥናል።

ከተማው እያደገ ሲሄድ በፕላን የተሠራው ቦታ ለሁሉ አልበቃም። ቦታ ያላገኘው ድኻ ወደ አሸዋው ዳር ወረደ። በሐምሌ 1998 ዓ.ም. መጨረሻ ላይ በሌሊት የወረደው ጎርፍ ከ200 በላይ ሰዎችን ገድሎ፥ ብዙ ሺህ ሰዎችን ያለ ቤት አስቀረ። እጅግ የተጎዱትም በወንዙ ዳር የነበሩት ናቸው። ከዚያ በኋላ የጎርፍ መከላከያ ግንብ ተሠርቷል። ይሁን እንጂ ግንብ ውሃውን ይገታል እንጂ፥ ሰው ከወንዝ ዳር እንዲሰፍር ያደረገውን የቦታ እጥረት አያስወግድም።

5. መደምደሚያ

ከዚህ በላይ እንደ ተገለጸው፥ ከዚራ የተስተካከለ ሠፈር የሆነው ባለቤቶቹ ከመጋላ ሰዎች የበለጠ ጥበብ ስለ ነበራቸው አይደለም። አንድ ኩባንያ መሬቱን በአንድ ጊዜ ይዞ፥ ለአንድ ሥራ ስላዋለው ነው። ያ ሥራ ዛሬ ከቦታው ርቋል። በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው አዲሱ ምድር ባቡር ሐዲዱ 1.435 ሜትር ስፋት ያለው ሲሆን፥ ጣቢያውም የተሠራው ከአሮጌው ከተማ ውጭ ነው። ባለ 1 ሜትሩ የቀድሞው ሐዲድ ወደ አዲስ አበባ ማመላለሱን ትቷል። የከዚራ መንገዶች ግን አሁንም ፊታቸውን ያዞሩት ወደ አሮጌው ጣቢያ ነው።

ስለዚህ የአሮጌውን ሠፈር ጉዳይ የምናጠና ተማሪዎች ሁለት ነገር እናስብ። አንደኛ፥ ወፍራሙ ግድግዳ፥ በረንዳውና የዛፉ ጥላ ለሞቃት አየር የተገኙ መልሶች ናቸውና፥ ለአዲስ ሕንፃ ተብለው ከመፍረሳቸው በፊት ልክና አሠራራቸው በወረቀት ሊመዘገብ ይገባል። ሁለተኛ፥ የከዚራና የመጋላ ታሪክ የደቻቱ ታሪክ ካልተጨመረበት ሙሉ አይሆንም። የመጀመሪያው ፕላን ወንዙን የከተማ ዳርቻ አደረገው፤ ጎርፉ ግን ወንዙ የከተማይቱ መካከል መሆኑን አሳየ። ወደ ፊት ለድሬ ዳዋ ፕላን የሚያወጣ መሐንዲስ እርሳሱን አስቀድሞ ማሳረፍ ያለበት በአሸዋው ላይ ነው።