የ75 ኦም ገመድ ድምፅ ያሳምራል?

በመካኒሳ አቦ ጣሪያዎችና በረንዳዎች ላይ ኢትዮሳትን ለመያዝ ወደ 57 ዲግሪ ምሥራቅ የዞሩ ዲሾች ሞልተዋል። ከዲሹ ወደ ሪሲቨሩ የሚወርደው ገመድ 75 ኦም ነው። ከሪሲቨሩ ጀርባ፣ ብዙ ጊዜ ብርቱካንማ በሆነችው ቀዳዳ፣ ዲጂታል ድምፅ ወደ አምፕሊፋየር የሚወጣበት መስመርም የሚፈልገው ያንኑ 75 ኦም ነው።

ቁጥሩን በቴስተር ለማረጋገጥ የሞከረ ሰው ግን ግራ ይጋባል፤ የሚያነበው ወደ ዜሮ የቀረበ ነው። 75 ኦም የሽቦው ተራ ሬዚስታንስ ሳይሆን ኢምፒዳንስ የሚባለው ነው። የሚወስነውም የመካከለኛው ሽቦ ውፍረት፣ ከዙሪያው የሽቦ መረብ ያለው ርቀትና በመካከላቸው ያለው ፕላስቲክ ነው፤ ገመዱ ቢረዝም ቢያጥር አይለወጥም። በ75 ኦም መስመር ላይ 50 ኦም ገመድ ሲገባ ከምልክቱ ቮልቴጅ 20 በመቶው መጋጠሚያው ላይ ነጥሮ ይመለሳል።

ታዲያ ይህ ጆሮ ላይ ይደርሳል? ሳሎን ውስጥ አይደርስም። ሶኒና ፊሊፕስ ያወጡት ኤስፒዲፍ የተባለው ስርዓት የ48 ኪሎኸርዝ ድምፅ ሲያስተላልፍ አጭሩ ምት 160 ናኖሰከንድ ገደማ ይቆያል። ምልክቱ በአንድ ሜትር ገመድ ደርሶ ለመመለስ የሚፈጅበት 10 ናኖሰከንድ ገደማ ነው፤ ስለዚህ የነጠረው ቀጣዩ ምት ሳይመጣ ይከስማል። አርሲኤ ጃክም በትክክል 75 ኦም ሆኖ የተሠራ አይደለም፤ ጥቂት ሴንቲሜትር ብቻ ስለሆነ ግን ጉዳት የለውም።

«ቤዙን ያወፍራል» ተብሎ በውድ የሚሸጥ ዲጂታል ገመድ ይህን ሊያደርግ አይችልም። በገመዱ የሚያልፈው ቁጥር ነው፤ ቁጥሩ ከጠፋ ድምፁ ይንጣጣል ወይም ይቆራረጣል እንጂ ቤዝ ብቻውን አይሳሳም።

ርቀቱ ሲረዝም ነገሩ ይለወጣል። የመካነ ኢየሱስ ሴሚናሪ የጃዝ ትምህርት ቤት ባለበት በመካኒሳ፣ መድረክ ላይ ለሚሠሩ ይህ ዋና ጉዳይ ነው። በባለሙያ መሣሪያዎች መካከል ዲጂታል ድምፅ የሚጓዝበት ኤኢኤስ3 የተባለው መስመር 110 ኦም ይፈልጋል። ተራው የማይክ ገመድ ጃኩ አንድ ዓይነት ስለሆነ ይገባል፣ በአጭር ርቀትም ይሠራል፤ በአዳራሽ ርዝመት ሲዘረጋ ግን ሊከዳ ይችላል።

ከሁሉ ይበልጥ ጥንቃቄ የሚሻው የዲሹ መስመር ነው። ዲሹ ላይ ካለው ምልክት ተቀባይ (ኤልኤንቢ) የሚወርደው ምልክት ከ950 እስከ 2150 ሜጋኸርዝ ስለሚደርስ እዚያ ጥቂት ሴንቲሜትርም ይቆጠራል። ኮኔክተር ሲታሰር ከመረቡ አንዲት ቀጭን ክር አምልጣ መሐለኛውን ሽቦ ከነካች ሥርጭቱ ይጠፋል።

ለአምፕሊፋየሩ ግን ከዲሽ ሥራ የተረፈ ቁራጭ ገመድና ወደ አርሲኤ የሚቀይር አዳፕተር ይበቃሉ። ገንዘቡ ለስፒከር ቢውል ለውጡ ይሰማል።