የአእምሮ ምርመራ ውሸት መያዣ አይደለም

በአሜሪካ ጦር ያገለገሉ ሐበሾች በተገናኙበት ቦታ ሁሉ ስለ ቪኤ ካሳ የሚወራው ወሬ ሁለት መልክ አለው። «ጥቂት ሺህ ዶላር ከፍለህ ከሳይካትሪስት ደብዳቤ አምጣ፤ መቶ ፐርሰንቱ የአንተ ነው» ይላል አንደኛው። ሁለተኛው የዚህ ተቃራኒ ነው፦ «ምርመራው ወጥመድ ነው፤ የምትሞላውን መጠይቅ ኮምፒዩተር አርሞ ውሸታሙን ለይቶ ያወጣል»። የመጀመሪያውን ያመነ ሰው የቀድሞ ወታደሮች የመንግሥትን ካዝና እየዘረፉ ነው ብሎ ይደመድማል። ሁለተኛውን ያመነ ታማሚ ደግሞ ሌሊቱን ሳይተኛ ያድርና መርማሪው ፊት ሲቀርብ ግማሹን ችግሩን ውጦ ይመለሳል። ሁለቱ ወሬዎች የሚጣሉ ቢመስሉም የቆሙት በአንድ ስሕተት ላይ ነው፤ የአእምሮ ምርመራን እውነትን ከውሸት የሚለይ መሣሪያ አድርገው ያዩታል። አንዱ መሣሪያው በገንዘብ ይታለላል ይላል፣ ሌላው ፈጽሞ አይስትም ይላል። እንዲህ ያለ መሣሪያ ኖሮ አያውቅም። ምርመራው የሚሠራው ሥራ ሌላ ነው፤ ጥሩ የሚሆነውም መጥፎ የሚሆነውም በዚያ ሥራ ሲመዘን ነው።

መሠረታዊውን ባጭሩ እንለፈው። ቪኤ፣ ማለትም የአሜሪካ የቀድሞ ወታደሮች ጉዳይ መሥሪያ ቤት፣ ካሳ ለመክፈል ሦስት ነገር ይፈልጋል፦ ዛሬ ያለ ሕመም፣ በአገልግሎት ዘመን የደረሰ ነገር፣ ሁለቱን የሚያገናኝ ምክንያት። እነዚህ ከተሟሉ የአእምሮ ሕመም ጉዳት 0፣ 10፣ 30፣ 50፣ 70 ወይም 100 በመቶ ተብሎ ይወሰናል። በ2024 በእሱ ሥር የሚተዳደር ቤተሰብ ለሌለው ሰው 50 በመቶ በወር 1,075 ዶላር፣ 70 በመቶ 1,716፣ 100 በመቶ ደግሞ 3,737 ዶላር ያስገኝ ነበር፤ ግብርም አይከፈልበትም። ድባቴም ይሁን ጭንቀት ወይም ከአሰቃቂ ክስተት በኋላ የሚመጣው ፒቲኤስዲ፣ የሚለካው የሕመሙ ስም ሳይሆን ሕመሙ በሥራና በማኅበራዊ ኑሮ ላይ ያደረሰው ጉድለት ነው። መቶኛውን የሚቆርጠውም ሐኪሙ ሳይሆን የቪኤ ውሳኔ ሰጪ ሠራተኛ ነው። ይህን የሚዘነጋው ሰው ብዙ ነው፤ ሐኪሞችም አሉበት።

አሁን ወደ ተገዛው ደብዳቤ። ለግል ሐኪም ከፍሎ አስተያየት ማጻፍ ሕጋዊ ነው፣ አንዳንዴም ተገቢ ነው። በፒቲኤስዲ ጉዳይ ግን የመጀመሪያውን የምርመራ ቅጽ የግል ሐኪም እንዲሞላው ቪኤ አይፈቅድም፤ የሚሞላው የራሱ ወይም በኮንትራት የያዘው መርማሪ ነው። በ2010 የወጣው ደንብ፣ በጠላት ወይም በአሸባሪ ጥቃት ፍርሃት ውስጥ የኖረ ወታደር ታሪኩ ካገለገለበት ቦታና ሁኔታ ጋር ከተስማማ ክስተቱን በሰነድ አረጋግጥ እንዳይባል አድርጓል። በምትኩ ያ ክስተት ለሕመሙ በቂ ምክንያት መሆኑን የቪኤ ወይም የኮንትራት ሳይካትሪስት ወይም ሳይኮሎጂስት እንዲያረጋግጥ ያዛል። በሩ በአንድ በኩል ሰፋ፣ በሌላ በኩል ዘበኛ ቆመበት ማለት ነው። ሌላ ሕመም ሲሆን፣ ለምሳሌ በአገልግሎት ከተጎዳ ወገብ በኋላ የመጣ ድባቴ፣ የግል ሐኪም ደብዳቤ ሚዛን ሊደፋ ይችላል። ሚዛን የሚደፋው ግን በማኅተሙ አይደለም። የቀድሞ ወታደሮችን ይግባኝ የሚያየው ፍርድ ቤት በ2008 በኒየቭስ ሮድሪጌዝ ጉዳይ እንዳለው የሐኪም አስተያየት ዋጋ የሚመነጨው ከሚሰጠው ምክንያት ነው። «ፒቲኤስዲ አለበት፣ ከአገልግሎቱ የመጣ ነው» ብሎ የሚፈርም ደብዳቤ ከባዶ ወረቀት ብዙም አይሻልም። ክብደት ያለው ደብዳቤ ሐኪሙ የትኛውን ሰነድ እንዳነበበና ምልክቶቹ መቼ እንደጀመሩ ይናገራል፤ የልጅነት በደል፣ መጠጥ ወይም ከጦሩ ከተሰናበተ በኋላ የደረሰ የመኪና አደጋ ለምን ዋና ምክንያት እንዳልሆነም ያስረዳል። የሚጠበቀው የእርግጠኝነት ደረጃም ከፍተኛ አይደለም። ግንኙነቱ የመኖሩና ያለመኖሩ ዕድል ቢያንስ እኩል ከሆነ ይበቃል፤ ማስረጃው እኩል ለእኩል ሲቆም ጥርጣሬው ለወታደሩ ጥቅም ይቆጠራል። እንደ እኔ «መቶ በመቶ እርግጠኛ ነኝ» የሚል ሐኪም ራሱ ሊጠረጠር ይገባዋል።

ይበልጥ የሚያከራክረው ሁለተኛው ወሬ ነው፤ የእኛ የአእምሮ መርማሪዎች ሙያ ምርጥ ብልሃትና ትልቁ ድክመት አብረው የሚታዩት እዚያ ላይ ነውና። ማስመሰልን ለማጣራት የተሠሩት መጠይቆችና ፈተናዎች በሁለት የተለያየ ስሌት ይሠራሉ። ንጹሑ ስሌት ቶም በሚባለው የማስታወስ ፈተና ውስጥ ያለው ነው። ተመርማሪው 50 ቀላል ሥዕሎች ይታዩታል፤ ከዚያ እያንዳንዱ ሥዕል ከአንድ አዲስ ሥዕል ጋር ተጣምሮ ይቀርብለትና «ቅድም ያየኸው የቱ ነው?» ይባላል። ምንም የማያስታውስ፣ ዓይኑን ጨፍኖ የሚጠቁም ሰው እንኳ በዕድል ብቻ 25 ገደማ ያገኛል። እንግዲህ 10 ብቻ ያገኘ ሰው ምን ሆኖ ነው? 40 ጊዜ ለመሳሳት ትክክለኛውን ማወቅ ያስፈልጋል፤ ሳያውቁት ሊሸሹት አይቻልምና። እዚህ ላይ የመርማሪው ጥርጣሬ ሳይሆን ሒሳቡ ራሱ ይመሰክራል። ግን ሁለት ነገር ልብ ይሏል። አንደኛ፣ እንዲህ ከዕድል በታች የሚወርድ ሰው ጥቂት ነው፤ አብዛኛው «ወደቀ» የሚባለው ከዕድል በላይ ሆኖ ከተቆረጠው ነጥብ ትንሽ ዝቅ ያለ ሰው ነው፤ እንዲህ ያለውን ሰው ሒሳቡ ብቻውን ውሸታም አያደርገውም። ሁለተኛ፣ ፈተናው የሚነግረን ሰውየው ለማስታወስ ስለ መጣሩ ነው። በቅዠት ላብ አጥምቆት ይነሣ እንደሆነ የሚነግረን ነገር የለም።

ሁለተኛው ስሌት በብርቅ ምልክቶች ላይ የቆመ ነው፤ ወሬው «ኮምፒዩተሩ» የሚለውም ይህንኑ ነው። በ1943 ከሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ የወጣውና በ1989 የታደሰው ኤምኤምፒአይ የተባለው መጠይቅ 567 «እውነት» ወይም «ሐሰት» የሚባልባቸው ዓረፍተ ነገሮች አሉት። ከእነዚህ ውስጥ 60ዎቹ ኤፍ የሚባለውን መለኪያ ይሠራሉ፤ የተመረጡት ከጤነኛ ሰዎች ከአሥር በመቶ በታች የሚሆኑት ብቻ «እኔም አለብኝ» የሚሏቸው ስለሆኑ ነው። ብርቅ የሆነውን ሁሉ አለብኝ የሚል ሰው የማይመስለውን ሕመም እየለቀመ ነው ከሚል ግምት ይነሣል። ግምቱ ብልህ ነው፤ ቀዳዳውም እዚያው ነው። በጤነኛ ዘንድ ብርቅ የሆነ ነገር በታማሚ ዘንድ ብርቅ ላይሆን ይችላል። ፒቲኤስዲ፣ ከባድ ድባቴና ራስን እንደ ሌላ ሰው ከውጭ የማየት ስሜት የተደራረቡበት ሰው እውነቱን መልሶ የኤፍ ነጥቡ ጣሪያ ሊነካ ይችላል። ይህን ለማረም በ1995 ሌላ መለኪያ ተሠራ፤ በአእምሮ ሆስፒታል የተኙ ታካሚዎች እንኳ እምብዛም የማይሏቸውን 27 ዓረፍተ ነገሮች የያዘ። በእኔ ግምት ከሁሉ የተሻለው ይህ ነው። ከእሱ በፊት በ1991 ለጉዳት ካሳ ከሳሾች የተቀመመው 43 ጥያቄ ያለው መለኪያ ግን እስከ ዛሬ ያጣላናል። በውስጡ ብዙ የአካል ሕመም ጥያቄ ስላለ፣ ፈንጂ አጠገቡ ፈንድቶ ጆሮው የሚጮኽና ወገቡ የሚያመው ሰው ሐቁን በመናገሩ ብቻ ነጥቡ ይወጣል።

መለኪያው በጣም ጥሩ ነው ብንል እንኳ ሌላ ሒሳብ ይጠብቀናል። ለክርክር ያህል ከ100 አስመሳዮች 80ውን የሚይዝ፣ ከ100 እውነተኞች ደግሞ 10ሩን ብቻ በስሕተት የሚጠረጥር መለኪያ አለን እንበል። አንድ ሺህ አመልካች ቀርቦ 100ው አስመሳይ ከሆነ መለኪያው 80 አስመሳይ ይይዛል፤ ከ900ው እውነተኛ ደግሞ 90ውን ይጠረጥራል። ከተጠረጠሩት 170 ሰዎች የሚበዙት እውነተኞች ናቸው ማለት ነው! ከሺው 400ው አስመሳይ ቢሆን ግን 320 አስመሳይ በ60 እውነተኛ ላይ ይያዛል፤ ያው መለኪያ አሁን እጅግ የሚታመን ሆነ። ወንፊት ላይ የቀረው ጠጠር ነው ወይስ ወፍራም እህል የሚለውን የሚወስነው የወንፊቱ ቀዳዳ ብቻ ሳይሆን የፈሰሰበት እህል ጭምር ነው። ስለዚህ «ፈተናው አጋነነ ይላል» የሚል ሪፖርት፣ አጋናኞቹ ከመቶ ስንት ናቸው የሚለውን ሳያውቅ የሚናገር ሪፖርት ነው።

ስንት ናቸው? ሙያው ለሁለት የሚከፈለው እዚህ ላይ ነው። ለፒቲኤስዲ ሕክምና በመጡ 100 የቬትናም ዘመን ወታደሮች መዝገብ ላይ ተሠርቶ በ2005 የወጣ ጥናት በውጊያ መሳተፋቸው በሰነድ የተገኘው 41ዱ ብቻ እንደነበሩ አሳየ። ተጠራጣሪዎች ይህን ቁጥር ይወዱታል። ነገር ግን የሰነድ አለመኖር የክስተት አለመኖር አይደለም፤ በዚያ ዘመን መዝገብ የያዘው ጸሐፊ እያንዳንዱን ተኩስ አልመዘገበም። በ2006 በሳይንስ መጽሔት የወጣ ሌላ ጥናት የቀድሞውን ትልቅ የቬትናም ወታደሮች ዳሰሳ ከጦር መዛግብት ጋር አመሳክሮ ሁለት ነገር አገኘ። በሕይወት ዘመናቸው ፒቲኤስዲ ያገኛቸው ቀድሞ እንደተባለው 30.9 በመቶ ሳይሆኑ 18.7 በመቶ ናቸው፤ ታሪክ የፈጠሩ ግን እምብዛም አልተገኙም። ቁጥሩ ዝቅ ያለው መስፈርቱ ስለጠበቀ እንጂ ውሸት ስለተገለጠ አይደለም። የቪኤ ታሪክም ወደዚሁ ያመለክታል። በ2005 የመሥሪያ ቤቱ ዋና ተቆጣጣሪ 2,100 የፒቲኤስዲ መዝገቦችን መርምሮ በሩቡ ላይ የክስተቱ ማረጋገጫ ጎድሏል አለ። ቪኤ 72,000 መዝገብ እንደገና ሊከፍት ተነሣ፤ በኅዳር ግን ጉድለቱ የአሠራር እንጂ የማጭበርበር አለመሆኑን ገልጾ ተወው። ይህ ሁሉ አጭበርባሪ የለም አያሰኝም። አለ፤ ተከስሶ የተፈረደበትም አለ። እኔ የምለው አጭበርባሪው በአብዛኛው የሚያዘው በመጠይቅ ነጥብ ሳይሆን በመዝገብ መሆኑን ነው፦ ነበርኩበት ያለው ክፍል በዚያ ወር ሌላ አገር ሆኖ ሲገኝ፣ መሥራት አልችልም ያለው ሰው የደመወዝ ወረቀት ሲወጣ።

«እንግዲያው ምርመራው ምን ይጠቅማል? የጠየቀ ሁሉ ይሰጠው?» የሚል አይጠፋም። አይሰጠው። የምርመራው ሥራ የሰውየውን ልብ ማንበብ ሳይሆን ተመሳክሮ የሚታይ ዝርዝር ማውጣት ነው። ካፕስ የተባለው ቃለ መጠይቅ 20ዎቹን የፒቲኤስዲ ምልክቶች አንድ በአንድ ያነሣል፤ «ቅዠት አለብህ?» ብሎ አያልፍም። ባለፈው ወር ስንት ጊዜ፣ ስለ ምን፣ ተመልሰህ ለመተኛት ምን ያህል ይፈጅብሃል፣ ሚስትህስ ሌላ ክፍል ነው የምትተኛው ብሎ ይወርዳል። ይህ ዝርዝር ከመድኃኒት መዝገቡ፣ ከሥራ ታሪኩ፣ ሌሊት ሦስቴ እየተነሣ በር መዘጋቱን ሲያረጋግጥ ካየችው ሚስቱ የጽሑፍ ምስክርነት ጋር ይገጥም ወይም አይገጥም ይታያል። በ2012 የወጣ፣ በዕጣ በተመደቡ የቪኤ መርማሪዎች ላይ የተሠራ ጥናት ይህን ዘዴ ከተለመደው ጋር አወዳድሯል። መርማሪው ካፕስንና የኑሮ ጉድለት መለኪያን ሲጠቀም ለምርመራ የሚያስፈልገው መረጃ የተሟላው በ85 በመቶው ላይ ነው፤ እንደ ልማዱ ሲጠይቅ በ30 በመቶው። መቶኛው የሚቆረጥበት የኑሮ ጉድለትማ 76 በመቶ በ3 በመቶ ነው። ስለ ማጭበርበር ከሚጻፈው ሁሉ ይልቅ ይህ ቁጥር ነው ሊያሳስበን የሚገባው፤ ያልተጠየቀ ነገር እውነትም ይሁን ውሸት አይታወቅም።

የእኛ ሰው በዚህ ቀዳዳ በቀላሉ ያልፋል። ቋንቋ ለሚያውቁ ስደተኞች የተከፈተው ማቭኒ የተባለው የአሜሪካ ጦር የምልመላ መርሐ ግብር ከፈለጋቸው ቋንቋዎች አንዱ አማርኛ ነበር፤ በሌላ መንገድ የተቀጠረውም አለ። መርማሪው ለሰላምታ «እንዴት ነህ?» ሲለው «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና» ይላል፤ በሪፖርቱ ላይ «ደህና ነኝ ብሏል» ተብሎ ይሰፍራል። ሆድ ይፍጀው ብሎ ያደገ ሰው ለማያውቀው ባለሙያ በአንድ ቀጠሮ ራሱን ለመግደል ማሰቡን አይነግርም፤ ያ ሐሳብ ግን በደንቡ ውስጥ ከ70 በመቶ ምሳሌዎች አንዱ ነው። መፍትሔው «በጣም የከፋውን ቀንህን ተውን» የሚለው የወሬ ምክር አይደለም፤ እሱ ከመዝገቡ ጋር ሲጋጭ ራሱን ይጎዳል። የሚሻለው ከምርመራው በፊት ያለፈውን ወር በጽሑፍ ማስፈር ነው፦ ከሥራ የቀረበት ቀን፣ ጥሎት የወጣው ሠርግ ወይም ለቅሶ፣ የተኛበት ሰዓት።

ሪፖርቱ ተበላሽቶ ከተገኘም ቅጂውን ከቪኤ መጠየቅ ይቻላል። ከየካቲት 2019 ወዲህ ውሳኔን መቃወሚያው መንገድ ሦስት ነው፦ አዲስ ማስረጃ ይዞ እንደገና ማመልከት፣ ባለው ማስረጃ በከፍተኛ ሠራተኛ ማስመርመር፣ ወይም ለይግባኝ ቦርዱ ማቅረብ። በአንድ ዓመት ውስጥ የተንቀሳቀሰ ሰው ካሳው የሚቆጠርበትን የመጀመሪያውን ቀን አያጣም። ለመጀመሪያው ማመልከቻ ገንዘብ መጠየቅ ለጠበቃም ለወኪልም አልተፈቀደም፤ እንደ አሜሪካን ሊጅንና ዲኤቪ ያሉት የወታደር ማኅበራት በነፃ ይረዳሉ። የግል ሐኪም ደብዳቤ ዋጋ የሚያወጣው በተለይ ውሳኔን በመቃወሚያው ደረጃ ነው። ሪፖርቱ «የእንቅልፍ ችግር የለበትም» እያለ የቪኤው ፋርማሲ መዝገብ ለሁለት ዓመት የቅዠት መድኃኒት መስጠቱን ካሳየ፣ ደብዳቤው ሁለቱን ገጾች ጎን ለጎን አስቀምጦ ልዩነቱን ከነቀናቸው ማሳየት አለበት።