ዳኛ የሌለው እቁብ ደንቡን እንዴት ይለውጣል?

ከአዲስ አበባ በጅማ መስመር ወደ ወልቂጤ ለሚጓዝ፣ ወይም በዓለም ገና አድርጎ ወደ ቡታጅራ ለሚወርድ ነጋዴ እቁብ ምን እንደሆነ ማስረዳት ለቀባሪው ማርዳት ይሆናል። ቆጮም ይሽጥ በርበሬ፣ የመጀመሪያ ካፒታሉን ከእቁብ ዕጣ ያገኘው ብዙ ነው። እቁብ ዳኛ አለው፤ ጸሐፊ አለው፤ ዋስ ይጠራበታል። መዋጮው ከ500 ብር ወደ 1 ሺህ ብር ይደግ የሚል ሐሳብ ከመጣ አባላቱ ተሰብስበው ይመክሩበታል። ያልተስማማና ዕጣ ያልደረሰው ገንዘቡን ተቀብሎ ይወጣል፤ የደረሰው ግን ዕዳውን ሳይጨርስ ንቅንቅ አይልም።

እንግዲህ እቁቡ ዳኛ ባይኖረውስ? አባላቱ በየአህጉሩ ተበትነው እርስ በርስ ስም እንኳ ባይተዋወቁ፣ የተቀመጠው ገንዘብ ደግሞ በመቶ ቢሊዮኖች የሚቆጠር ዶላር ቢሆን ደንቡን ማን ይለውጠዋል? ቢትኮይንና ኢተሪየም በሚባሉት ኔትወርኮች ዘንድ ይህ የዕለት ጥያቄ ነው። ለእኛም የሩቅ አገር ወሬ መሆኑ ቀርቷል። የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል፣ በሹማምንቱ አነጋገር «ዳታ ማይኒንግ» ለሚሠሩ የቢትኮይን ኩባንያዎች ኃይል በዶላር ሲሸጥ ቆይቷልና።

ሁሉም ጸሐፊ የሆነበት መዝገብ

ነገሩ ሲጠቃለል አንድ የሒሳብ መዝገብ ነው። ልዩነቱ መዝገቡ በአንድ ባንክ ካዝና ሳይሆን በሺዎች በሚቆጠሩ ኮምፒውተሮች ላይ በቅጂ መቀመጡ ነው። እያንዳንዱ ቅጂ ያዥ አዲስ ገጽ በተጻፈ ቁጥር ደንቡን ጠብቆ እንደሆነ ራሱ ይመረምራል፤ ካልጠበቀ አይቀበለውም። ገጹን የሚጽፉት «ማዕድን አውጪዎች» ይባላሉ፤ ለድካማቸው አዲስ ሳንቲም ይከፈላቸዋል። ሶፍትዌሩን የሚያሻሽሉ ባለሙያዎች ሌሎች ናቸው። እነሱ አዲሱን ሥሪት ጽፈው ያቀርባሉ እንጂ ማንንም ጫን ብለው ማዘዝ አይችሉም።

የደንብ ለውጡ ሁለት ዓይነት ነው። የእቁቡ ደንብ «ቢያንስ አንድ ዋስ» የሚል ይሁንና ጥቂቶች «ሁለት ዋስ ይሁን» ብለው ቢያጠብቁት፣ አሮጌውን ደንብ የያዘ ጸሐፊም ሁለት ዋስ ያለውን ሰው ከመመዝገብ የሚከለክለው የለም። ይህ ለዘብተኛው ለውጥ ነው። «ዋስ ጭራሽ አያስፈልግም» ከተባለ ግን አሮጌው ጸሐፊ አዲሱን ገጽ ይቀድደዋል፤ መዝገቡም ሁለት ይሆናል። ጭንቁ ያለው እዚህ ላይ ነው።

የመጋቢት 2005 ሌሊት

የቢትኮይን ሰዎች ይህን ሳያስቡት ቀምሰውታል። በመጋቢት 2005 ዓ.ም. መጀመሪያ 0.8 የተባለውን አዲስ ሥሪት የጫነ አንድ ማዕድን አውጪ አንድ ትልቅ ገጽ ጻፈ። 0.8 የያዙት ተቀበሉት። ብዙ ነጋዴዎችና የምንዛሪ ቤቶች የሚጠቀሙበት አሮጌው 0.7 ግን በውስጡ በነበረ፣ ማንም ባላወቀው ገደብ ምክንያት አልቀበልም አለ። ሁለት መዝገብ ጎን ለጎን ማደግ ጀመረ። በአንዱ የተከፈለ ገንዘብ በሌላው አልተከፈለም ማለት ነው።

ባለሙያዎቹና የትልልቅ ማኅበራት ኃላፊዎች በኮምፒውተር የመልእክት መስኮት ላይ ተገናኝተው ተከራከሩ። የጉልበቱ ብዛት ያለው በአዲሱ በኩል ነበር፤ ገበያው ያለው ግን በአሮጌው በኩል ነው። በመጨረሻ ወደ አሮጌው መመለስ ተመረጠ። ቢቲሲ ጊልድ የተባለው ትልቅ ማኅበር 0.8ን አውርዶ ወደ 0.7 ተመለሰ፤ በተተወው መዝገብ ላይ ያገኘውን ክፍያም አጣ። ማንም አላዘዘውም። መዝገቡ ለሁለት ከተከፈለ አጠራቅሞ የያዘው ሳንቲም ሁሉ ዋጋ እንደሚያጣ ግን ገብቶታል። በጥቂት ሰዓታት ውስጥ መዝገቡ እንደገና አንድ ሆነ። በመሀል ማውንት ጎክስ የተባለው የምንዛሪ ቤት ገቢ መቀበል አቁሞ ነበር፤ 10 ሺህ ዶላር ያህል ደግሞ በአንድ ነጋዴ ላይ ሁለት ጊዜ ተመንዝሯል።

ቀን ሳይሆን ገጽ ይቆረጣል

ከዚያ ወዲህ አሠራሩ ወግ ይዟል። ለውጡ በጽሑፍ ይቀርባል፤ በመሞከሪያ ኔትወርክ ላይ በሐሰት ሳንቲም ይፈተሻል። ከዚያ የሚጀምርበት ይቆረጣል፤ የሚቆረጠው ግን በሰዓትና በቀን ሳይሆን አብዛኛውን ጊዜ በገጽ ቁጥር ነው። በአንድ አገር እንኳ ሁለት የሰዓት አቆጣጠር ይዘን ስንጋጭ ለምንኖር ለእኛ ምክንያቱ ግልጽ ነው። ታፕሩት የተባለው የቢትኮይን ማሻሻያ ከ2,016 ተከታታይ ገጾች 90 በመቶው ላይ የድጋፍ ምልክት እንዲታይ ይጠይቅ ነበር። ምልክቱ በሰኔ 2013 ዓ.ም. ሞላ። ሥራ ላይ የዋለው ግን ገጽ 709,632 ሲደርስ፣ ኅዳር 5 ቀን 2014 ዓ.ም. ነው። የአምስት ወሩ ፋታ ዳተኛው ሁሉ ሶፍትዌሩን እንዲቀይር የተተወ ነበር።

ፋታውም አንዳንዴ አያድንም። ኢተሪየም በጥር 2011 ዓ.ም. ኮንስታንቲኖፕል የተባለውን ለውጥ ሊያደርግ አንድ ቀን ገደማ ሲቀረው፣ አንድ የደኅንነት መርማሪ ኩባንያ ሌባ የሚገባበት ቀዳዳ አገኘበት። «ጫኑ» ተብለው ሲለመኑ የከረሙት ሁሉ በአንድ ሌሊት «አትጫኑ» ተባሉ። ለውጡ የተደረገው በየካቲት 21 ነው።

ከ50 በላይ ኩባንያዎች ያልቻሉት

ብር ያለው ያዛል የሚል ካለ የ2009ኙን ጉዳይ ይመልከት። በዚያ ዓመት ከ50 በላይ ኩባንያዎች፣ ከ80 በመቶ በላይ የማዕድን ጉልበት ይዘው፣ የቢትኮይንን ገጽ በእጥፍ ለማስፋት ኒውዮርክ ላይ ተስማሙ። ቅጂ ያዦቹ አሻፈረን አሉ። እቅዱ በጥቅምት 29 ቀን 2010 ዓ.ም. ተሰረዘ። ሰፊ ገጽ የፈለጉ ሌሎች ደግሞ አስቀድመው ሐምሌ 25 ቀን 2009 ዓ.ም. መዝገቡን ገልብጠው፣ ቢትኮይን ካሽ ብለው ወጥተዋል። በዚያ ቀን 10 ቢትኮይን የነበረው ሰው 10 ቢትኮይን ካሽም አገኘ። ሀብቱ እጥፍ ሆነ ማለት ግን አይደለም፤ ገበያው ለሁለቱ የሰጠው ዋጋ ሰማይና ምድር ነው።

ጉራጌ ንጉሥ ሳያዝበት ሕግ ማውጣትን ያውቅበታል። ሰባት ቤት የጆካ ቂጫ አለው፤ በቡታጅራ ዙሪያ ያለው መስቃን ፈራገዘኘ ሴራ አለው። ሽማግሌዎቹ ይነጋገራሉ፤ እስኪስማሙ ይነጋገራሉ። ያፈነገጠውን የሚመልሰው ከኅብረተሰቡ መገለል ነው። በኮምፒውተሩ መዝገብ ላይ ግን ይሉኝታ አይሠራም። ያኮረፈ ቅጂውን ይዞ ይሄዳል፤ የሚዳኘውም ዋጋ ነው።

ባለቤት ያለው ነገር ቀላል ነው። መስከረም 4 ቀን 2013 ዓ.ም. አዲሶቹ የ10፣ የ50፣ የ100 እና የ200 ብር ኖቶች ይፋ ሲሆኑ የሦስት ወር ጊዜ ተሰጠ፤ የወልቂጤም ሆነ የቡታጅራ ነጋዴ በቤቱ ያስቀመጠውን ጥሬ ብር ይዞ ባንክ ከመሰለፍ ሌላ ምርጫ አልነበረውም። ባለቤት መኖሩ ግን ከስህተት አያድንም። መጋቢት 6 ቀን 2016 ዓ.ም. ሌሊት የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ከሲስተም ማሻሻያ ጋር በተያያዘ ችግር ደንበኞች የሌላቸውን ገንዘብ ሲያወጡና ሲያስተላልፉ አደሩ፤ ባንኩ ያለአግባብ ተወስዷል ያለው 801 ሚሊዮን ብር ያህል ነበር። ባንኩ ስም ለጥፎ፣ ሒሳብ አግዶ አብዛኛውን አስመልሷል። ባለቤት የሌለው መዝገብ እንዲህ ዓይነት ስም ለጣፊ የለውም።

ለመብራቱ ሻጭ

ኢተሪየም መስከረም 5 ቀን 2015 ዓ.ም. ማዕድን ማውጣትን ጨርሶ ሰረዘ። የኃይል ፍጆታው ከ99 በመቶ በላይ ወረደ፤ ሥራውን ለዚያ ያደራጀ ባለ ማሽን ገቢው በአንድ ቀን ደረቀ። ቢትኮይን ይህን ያደርጋል የሚል ምልክት የለም፤ ከላይ እንደታየው ደንቡን መለወጥ የሚያዳግተው እሱን ነው። ቢሆንም በኢትዮጵያ መብራት የሚሠሩት ማሽኖች ከዚያ ሌላ እምብዛም ጥቅም የላቸውም። በእነዚህ ማሽኖች ዙሪያ ሕንፃ ለማከራየት፣ ትራንስፎርመር ለማቅረብ ወይም ብድር ለመስጠት የሚያስብ ባለሀብት የውሉን ዘመን ከዚህ አንጻር ቢመዝን ይበጀዋል። ሳንቲሙን ራሱን ለመነገድ ለሚያስብ ደግሞ ብሔራዊ ባንክ በሰኔ 2014 ዓ.ም. በክሪፕቶ መገበያየት ያልተፈቀደ መሆኑን ማስታወቁ መዘንጋት የለበትም።

ደንቡ ሳይለወጥ የሚመጣ ለውጥም አለ። በየአራት ዓመቱ ገደማ የማዕድን አውጪው ክፍያ በግማሽ ይቀነሳል፤ ይህ ከመጀመሪያው የተጻፈ ነው። በሚያዝያ 2016 ዓ.ም. ለአንድ ገጽ የሚከፈለው ከ6.25 ወደ 3.125 ቢትኮይን ወርዷል። ቀጣዩ ቅነሳ በ2020 ዓ.ም. ይጠበቃል።