ሞክሼ ፊደላትና የጥናት ጽሑፍ በፍለጋ መገኘት
በደብረ ታቦር አቅራቢያ፣ በጋፋት ስለተሠራው ሴባስቶፖል መድፍ የሚያጠና ተመራማሪ የቴዎድሮስን ማዕረግ «ዐፄ» ብሎ ሲጽፍ፣ አንባቢው «አጼ» ብሎ ሊፈልግ ይችላል። አ፣ ኣ፣ ዐ እና ዓ ከጼ ወይም ከፄ ጋር ሲጣመሩ ቃሉ በ8 መልክ ሊጻፍ ይችላል። ድምፃቸው አንድ ቢሆንም፣ በዩኒኮድ እያንዳንዱ ፊደል የራሱ መለያ ቁጥር አለው፤ ስለሆነም ሞክሼዎችን የማያዛምድ የፍለጋ ሥርዓት 8ቱን እንደተለያዩ ቃላት ይቆጥራቸዋል። «የጋፋት» እና «በጋፋት» በሚሉት ላይ ያሉት ቅድመ ቅጥያዎችም ተመሳሳይ ችግር ይፈጥራሉ። በመሆኑም ጸሐፊው በጽሑፉ ውስጥ አንድ ወጥ አጻጻፍ መከተል፣ በቁልፍ ቃላት ዝርዝር ደግሞ የተለመዱትን አማራጮችና ቅጥያ የሌለውን ስም ማስፈር ይኖርበታል። ያልተገኘ ጥናት አይጠቀስም፤ ተከታዩም ተመራማሪ የተሠራውን ሥራ እንደ አዲስ ይጀምራል።