ጉድጓዱ ከታች፣ ውሃው ከላይ

ቆዩማ፣ መጀመሪያ አንድ ሒሳብ ላሳያችሁ። 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ 1 ካሬ ሜትር ላይ ሲወርድ ልክ 1 ሊትር ውሃ ነው። እንግዲህ አንድ የሐምሌ ከሰዓት 30 ሚሊ ሜትር ቢዘንብ፣ 1 ሄክታር ተራራ ብቻውን 300 ሺህ ሊትር ተቀበለ ማለት ነው፤ 1,500 በርሜል! ይህ ሁሉ ውሃ ታዲያ የት ይገባል? ቁልቁለቱ የተራቆተ ከሆነ አብዛኛው አፈሩን ጠርጎ በደቂቃዎች ውስጥ ይነጉዳል። ሣርና የዛፍ ሥር ከያዘው ግን ብዙው ቀስ እያለ ይሰርጋል። ጥር ላይ ከጉድጓድ የምንቀዳው ያን የሰረገውን ነው።

የትግራይዋን አብርሃ ወአጽብሃ ተመልከቱ። ውቅሮ አጠገብ ናት፤ ብዙዎቻችን የምናውቃት ከአለት በተፈለፈለው ቤተ ክርስቲያኗ ነው። መሬቷ ከመራቆቱ የተነሣ ነዋሪዎቿን ሌላ ቦታ ማስፈር ታስቦ ነበር። ገበሬዎቹ ግን ተራራውን ከከብት ንክኪ ከለሉ፣ እርከን ሠሩ፣ ቦረቦሩን በክትር አሰሩ፣ ውሃ ማስረጊያ ጉድጓድ ቆፈሩ። ከዓመታት በኋላ የከርሰ ምድር ውሃው ከፍ አለ፤ በእጅ ከተቆፈሩ ጉድጓዶች እየቀዱ በበጋ አትክልትና ፍራፍሬ አለሙ። በ2004 ዓ.ም. ዓለም አቀፉን የኢኳተር ሽልማት ወሰዱ።

እንዲህ ያለው ሥራ ከላይ ነው የሚጀመረው። ዓይን የሚስበው ከታች ያፈጠጠው ቦረቦር ስለሆነ ጋቢዮን (በሽቦ መረብ የታሰረ ድንጋይ) እዚያ መደርደር ያጓጓል፤ ከራስጌ የሚወርደው ጎርፍ ካልተገታ ግን ክትሩ ወይ በደለል ይሞላል ወይ ተገርስሶ ይሄዳል።

ለእኔ ከድንጋይ ድርደራው ይልቅ የሚከብደው ከብት ማሰሩ ነው። ተራራ ከተከለለ ሣር እያጨዱ ቤት ድረስ መሸከም ይመጣል። ማን ይሸከማል? ሣሩስ እንዴት ይከፋፈላል? በዚህ ሳይስማሙ የወጣ ክልከላ ብዙ አይቆይም። የአፈርና ውሃ ጥበቃ ዘመቻ ሪፖርት ላይ ግን (ይህ ሁሌ ያስገርመኛል) ጎልቶ የሚጻፈው የእርከን ኪሎ ሜትር ነው።

የሰረገውም ውሃ ቢሆን ጠባቂ ይፈልጋል። ለሐረር ከተማ የመጠጥ ውሃ ሲሰጥ የኖረው የሐረማያ ሐይቅ በ1990ዎቹ መጨረሻ ደርቆ ነበር፤ በቅርብ ዓመታት ነው ውሃው የተመለሰለት። ከተራቆቱት ተራሮች ደለል ወረደበት፣ ከዳሩ ደግሞ ፓምፕ ለጫትና ለአትክልት ሳበው። እዚያ ተራራውን ማከም ብቻውን አይበቃም ነበር፤ ማን በቀን ስንት ሰዓት ይሳብ የሚለውም መወሰን ነበረበት።