ስለ ማሽላና ስለ ሌሊት ርዝመት

በወልድያ ዙሪያና በሀብሩ፥ በመርሳም አካባቢ፥ ገበሬው የአባቱን ማሽላ በሚያዝያ በበልግ ዝናም ይዘራል፤ ማሽላውም ክረምቱን ሁሉ አገዳውን ሲያሳድግ ከርሞ ራስ የሚያወጣው በመስከረምና በጥቅምት ነው። ይህን ወራት የሚያስታውቀው የሌሊቱ መርዘም ነው። በዚህ አገር ቀኑ በሰኔ 12 ሰዓት ከ50 ደቂቃ ያህል ሲሆን፥ በታኅሣሥ ወደ 11 ሰዓት ተኩል ይወርዳል፤ ልዩነቱ ጥቂት ቢመስልም ማሽላው ለይቶ ያውቀዋል።

ጋርነርና አላርድ የሚባሉ አሜሪካውያን ሊቃውንት እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1918 ዓ.ም. ትምባሆንና አኩሪ አተርን ከቀትር በኋላ ወደ ጨለማ ቤት እያስገቡ ቢፈትኑ፥ ቀን ያጠረበት ተክል ያለ ወራቱ አበበ። ዛሬም አበባ አልሚዎች የመስታወትና የላስቲክ ቤታቸውን በጥቁር ሸራ እየጋረዱ አበባው በፈለጉት ጊዜ እንዲፈነዳ ያደርጋሉ።

ሰፊ እርሻ ግን በሸራ አይጋረድም፤ መፍትሔው ዘር መምረጥ ነው። በልግ በቀረበት ዓመት ያንኑ ዘር በሐምሌ ዝራ ብሎ ማዘዝ ገበሬውን መጉዳት ነው፤ አገዳው ሳይጠነክር ሌሊቱ ይረዝምበታል፤ ራሱ ያንሳል፤ ፍሬውም ሳይሞላ ዝናሙ ያቆማል። ስለዚህ ሹማምንት በሀብሩ የሚገኘውን የስሪንቃ እርሻ ምርምር ማዕከል አማክረው፥ ፈጥኖ የሚደርስ ዘር ሐምሌ ሳይገባ ማዘጋጀት ይገባቸዋል። ይሁን እንጂ የፈጣኑ ዘር አገዳ አጭር ስለ ሆነ ለከብት መኖና ለማገዶ አይበቃም፤ በልግ በተመለሰ ጊዜ እንዲዘራ፥ የአገሩም ዘር ከጎተራ እንዳይጠፋ ሊጠበቅ ያስፈልጋል።